በጠባብ በጀት የጦር መርከብ ለምትነድፉ ልጆች

ልጆቼ፣ ባሕር በሌለበት ኮምቦልቻ ተቀምጦ የጦር መርከብ መንደፍ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሚዛኑም ክብደቱም የሚሰላው ወረቀት ላይ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ነዳፊ መጀመሪያ የሚቀንሰው የመርከቡን ቁመትና ወርድ ነው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ብረቱ የሚይዘው ከጠቅላላ ዋጋው ትንሹን ድርሻ ነው። ገንዘቡን የሚጨርሱት ራዳሩ፣ ሚሳይሉ፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ ከዚያም ይህን ሁሉ ጠባብ ቦታ ውስጥ ለመጠቅጠቅ የሚባክነው የሠራተኛ ሰዓት ናቸው። አካሉን ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት፤ መሣሪያው አቅም ሲገኝ ይገጠማል።

ዴንማርኮች እንዲህ አድርገዋል። መድፍና ሚሳይላቸው መጠኑ በተወሰነ ሳጥን ስለሚገጠም ከአሮጌ መርከብ ነቅለው ለአዲሱ ተጠቅመውበታል። ብሪታንያም 5 ታይፕ 31 ፍሪጌቶቿን (መካከለኛ የጦር መርከቦቿን) የመሠረተችው በዴንማርኮቹ ፍሪጌት በኢቨር ሁትፌልት ንድፍ ላይ ነው።

ፍጥነት አያጓጓችሁ። የሚፈለገው ጉልበት በግምት ከፍጥነቱ ኪዩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሲባዛ) ጋር ያድጋል፤ ከ24 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ወደ 30 ለመድረስ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የዴንማርኮቹ መርከብ አብሳሎን በ2 ናፍጣ ሞተር 24 ኖት ገደማ ይሄዳል፤ የቅርብ ዘመዱ ኢቨር ሁትፌልት 28ን ለማለፍ የዚያኑ ዓይነት 4 ሞተር አስፈልጎታል። ሞተር ሲጨመር ነዳጁ፣ የጭስ መውጫው፣ መካኒኩም ይጨመራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ክብደት። ሐረጎን ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ ጭነቱ ከላይ ከተቆለለ መታጠፊያው ላይ እንዴት እንደሚያዘም አይታችኋል። መርከብም እንዲያው ነው። 3,000 ቶን የሚመዝን፣ የስበት ማዕከሉ (ክብደቱ ሁሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ) ከታችኛው ወለል 6 ሜትር ከፍ ያለ መርከብ ውሰዱ። 22 ሜትር ላይ 20 ቶን ራዳርና ምሰሶ ብትጨምሩ 20 በ16 ተባዝቶ ለ3,020 ሲካፈል የስበት ማዕከሉ 10.6 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ወደ ቦታው ለመመለስ ደግሞ 1 ሜትር ከፍታ ላይ 64 ቶን ባላስት (ማመጣጠኛ ክብደት) መጫን ግድ ነው። ለ20 ቶን ሲባል 84 ቶን! «ካፕቴን» የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከንድፉ በላይ ከብዶ ስለተሠራ ጠርዙ ለውሃው ቀርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በማዕበል ተገልብጦ ብዙ መቶ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ክብደቱና ከፍታው ይመዝገብ። የአምራቹን ወረቀት ብቻ አትመኑ፤ ቀለም፣ ኬብልና ብሎን ተደምረው ብዙ ቶን ይሆናሉ።

ብረት መቁረጥ የሚጀመረው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። መርከብ ሠሪዎች ወርክሾፕ ውስጥ 1 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ብሎኩ (ቀድሞ የተገጣጠመው ትልቅ የመርከብ ክፍል) ላይ 3፣ መርከቡ ውሃ ከገባ በኋላ 8 ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። በጣም የሳሳ ላሜራ ክብደት ይቆጥብ ይሆናል፤ ግን ብየዳ ሲነካው ይጣመማል፣ ማቃናቱም ከቁጠባው ይበልጣል። የወለል ክፍተቶች ማዕዘን ክብ ይሁን፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

ከእሳትና ከጎርፍ መከላከያ ግን አንድ ብር አትቀንሱ። የእሳት ውሃ መስመሩ በቫልቭ ይከፋፈል፤ ፓምፖቹ በተራራቁ ክፍሎች ይቀመጡ። ኬብል ውሃ የማያሳልፈውን ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ለወደፊቱ 20 በመቶ ትርፍ ቦታ ተዉ፤ ትርፉም እስከዚያው በደንብ ይደፈን። አለዚያ ከ10 ዓመት በኋላ አንዱ ባለሙያ በድሪል አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሳይደፍነውም ይሄዳል፤ አንድ ክፍል ሲጎርፍ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።