«ቻርጅ» ሲባል፦ ይከሰሳል ወይስ ይከፍላል?

ጥያቄ፦ አዳማ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከጅቡቲ ዕቃ ለሚያስመጣ ደንበኛችን በተጻፈ የእንግሊዝኛ ውል ላይ «ዘ ካሪየር ዊል ቢ ቻርጅድ ፎር ኤኒ ዲሌይ» የሚል አለ። ባልደረባዬ «አጓጓዡ ለሚዘገየው ጊዜ ይከሰሳል» ብሎ ተረጎመው፤ እኔ «ይከፍላል» ነው አልኩ። ስልክም ቻርጅ ይደረጋል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ «የክስ ቻርጅ» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው ወይስ በድምፅ የተገጣጠሙ የተለያዩ ቃላት ናቸው?

መልስ፦ የእርስዎ ትርጉም ትክክል ነው። ቃሉም አንድ ነው።

ሥሩ የላቲኑ «ካሩስ» ነው፤ ጋሪ ማለት ነው። ከእሱ ጋሪ ላይ መጫንን የሚያመለክት «ካሪካሬ» የሚል ግስ ወጣ። ግሱ በፈረንሳይኛ አንደበት ተለዋውጦ፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የተነሡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከብዙ የፈረንሳይ ቃላት ጋር ወደ እንግሊዝኛ ገባ። እርስዎ በየቀኑ የሚጽፉት «ካርጎ»ም፣ በውሉ ላይ ያለው «ካሪየር»ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

መነሻው ጭነት መሆኑን ከያዝን ሌላው ይከተላል። በሰው ላይ የሚጫነው ዕዳ ሲሆን ክፍያ፣ ወንጀል ሲሆን ክስ፣ ሥራ ሲሆን ኃላፊነት ሆነ። በጠመንጃ አፈሙዝ የሚጨመረው ባሩድም «ቻርጅ» ተባለ። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱን መንገድ ሄዷል፤ እኛ ጠመንጃ አንጭንም፣ ጥይት እናጎርሳለን። ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረው ይኸው የመሙላት ትርጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የብርጭቆ ዕቃ ሲገኝ፣ መሙላቱንም እንደ ጠመንጃው «ቻርጅ» አሉት። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ እነዚህን ዕቃዎች ደርድሮ በማያያዝ «ባተሪ» አላቸው፤ በጊዜው ባተሪ አብረው የሚተኩሱ መድፎች ስብስብ ነበር። አማርኛ ቃሉን ተቀብሎ ለእጅ መብራቱ ሰጠው፤ ውስጡ የሚገባውን «የባትሪ ድንጋይ» አለው። ይህን ስያሜ በጣም እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። በእንግሊዝኛው ትርጉሙን በአብዛኛው የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው መስተዋድድ ነው። «ቻርጅድ ዊዝ» ብሎ የወንጀል ስም ካስከተለ ተከሰሰ ነው፤ ሥራ ካስከተለ ኃላፊነት ተሰጠው ነው። «ቻርጅድ ፎር» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል ነው። ውል ውስጥ ሲሆንማ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠባል፤ በወንጀል የሚከስ ዐቃቤ ሕግ እንጂ የዕቃው ባለቤት አይደለም። ስለዚህ «ለሚፈጠረው መዘግየት ሁሉ አጓጓዡ ይከፍላል» ይበሉ። ደንበኛዎ ጠበቅ ያለ አነጋገር ከፈለገ «ክፍያ ይታሰብበታል» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ «‑በት»ን ልብ ይበሉልኝ። ግብር ተጣለበት፣ ቅጣት ተጣለበት፣ ክስ ተመሠረተበት፣ ኃላፊነት ተጣለበት እንላለን። እንግሊዝኛ በአንድ ግስ የሚሸከመውን ክብደት አማርኛ በዚህች ምዕላድ ያሸክማል። «ዕቃው ተጫነለት» እና «ዕቃው ተጫነበት» የሚለያዩት በእሷ ብቻ ነው። ተርጓሚ ግሱን ሲፈልግ ይቺን ከረሳ፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደወደቀ አንባቢው አያውቅም።

ስልክን «ቻርጅ አደረግሁ» ማለትን አልቃወምም፤ «ቻርጄ አለቀ» የሚል ሰው ቃሉን በአማርኛ ሰዋስው አርብቶ እየተናገረ ነው። ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ የሚያወጡት «ሰርቪስ ቻርጅ» ግን «የአገልግሎት ክፍያ» የሚባል ግልጽ ስም አለው፤ እናንተም «ፍሬት ቻርጅ» የምትሉት «የማጓጓዣ ክፍያ» ነው። «የክስ ቻርጅ» «የክስ ክስ» እንደ ማለት ነውና አይጠቅምም፤ «ክስ» ብቻ ይበቃል። ከውሉ ግርጌ «ፐርሰን ኢን ቻርጅ» የሚል የፊርማ ቦታ ካለ ደግሞ «ኃላፊ» ብለው ይጻፉ።