«ጎረቤቴ በእኔ ቦታ ስብሰባ ገባች»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ እኖራለሁ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ያደግኩት ሐረርጌ ገጠር ነው፤ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። 3ኛ ክፍል የምትማር የ9 ዓመት ልጅ አለችን።

ባለፈው ወር ደብተሯ ውስጥ ወረቀት አየሁ። «ምንድን ነው?» ስላት «ምንም አይደል እማዬ» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ጋ ቡና ስንጠጣ፣ «ልጅሽ እኮ ጎበዝ ናት፤ መምህሯ አመሰገነቻት» አለችኝ። ለካ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ልጄ ሄዳ ጎረቤቴን ለምናታለች። ጎረቤቴ የተማረች ናት፤ ቢሮ ነው የምትሠራው። እኔ የላክሁባት መስሏት ገባች፤ በወላጅ ቦታም ፈረመች።

ስኒው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ማታ ልጄን ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ፣ «ወረቀት ሲሰጡሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እውነቱን ልናገር። አምናም ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ገበያ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ። ዕቃዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ግን አላጣም ነበር። አንብቢ፣ ፈርሚ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። የቤት ሥራዋንም ማየት አልችልም። አሁን ልጄን ልቆጣት ወይስ ዝም ልበል? ፊደል የማያውቅ ወላጅስ ትምህርት ቤት ሄዶ ምን ይሠራል?

የቀፊራዋ እናት

መልስ

እህቴ፣ በድሬ ልማድ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ «እንዳታፍሪ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ልጅሽ ያሰበችው ላንቺ ነው። አምና ሁለቴ ስትቀሪ አይታለች፤ የፈራሽውን ነገር ገምታለች፤ በልጅ አእምሮዋ መላ ፈለገች። አትቆጪያት።

ዝም ግን አትበይ። ዛሬ ማታ አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ «የቀረሁት ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ ወረቀት ሲሰጡሽ አንብቢልኝ፣ እኔ እሄዳለሁ» በያት። ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት፤ ሳታውቅ ነው የገባችው። እንዲያውም መምህሯ ምን እንዳለች አንድም ሳይቀር እንድትነግርሽ ጠይቂያት።

ከዚያ መምህሯን ራስሽ አግኚያት። ሌላ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቂ። ልጆቹ ሲለቀቁ በሩ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል። «እናቷ እኔ ነኝ። ያን ቀን የመጣችው ጎረቤቴ ናት። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የሚባል ነገር ካለ በቃል ንገሪኝ» በያት። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን ይህን አንዴ ካልሽ በኋላ የምትደብቂው ነገር አይኖርም። አማርኛዬ የገበያ ነው ብለሽም አትፍሪ። ድሬዳዋ ትምህርቱ ራሱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው የሚሰጠው፤ መምህራኑ የሦስት ቋንቋ ወላጅ ለምደዋል። ልጅሽ በምን እንደምትበረታ፣ ምን እንደሚከብዳት፣ ቤት ውስጥ ምን እንድታደርጊ እንደምትፈልግ ጠይቂያት። ሰኔ ላይ ካርድ እስኪመጣ አትጠብቂ። ውጤቷ ከመጨረሻው ፈተና ብቻ አይመጣም፤ የቤት ሥራውም የክፍል ሥራውም ይያዛል።

እዚህ ላይ ለመምህራንም አንድ ነገር ልበል። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አገራችን ውስጥ ወይ ጥፋት ወይ መዋጮ ማለት ሆኗል። ወላጅ ገና ሲጠራ ልቡ ይደነግጣል። ደግሞ በድሬ ሙቀት ገበያው የሚደራው ጠዋት ነው። ስብሰባውን ጠዋት 3 ሰዓት መጥራት ጉሊት የምትውለውን እናት አትምጪ እንደማለት ነው። ሰዓቱ ይታሰብበት። አንዳንዴም ወላጅን ለምስጋና ብቻ ጥሩ።

ወደ አንቺ ልመለስ። የቤት ሥራዋን ማየት አልችልም ብለሻል። ማረም አትችዪም እንጂ መስማት ትችያለሽ። ማታ ሽንኩርት እየለየሽም ቢሆን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ። ስትጨርስ «እስቲ አሁን ሳታዪ ንገሪኝ» በያት። መንገር ካቃታት አልገባትም ማለት ነው፤ ትድገመው። ይህን ለመለየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግሽም። እናትሽ የነገሩሽን ተረት ደግሞ በኦሮምኛ ንገሪያት። እንቆቅልሽ ጠይቂያት፤ ካቃታት አገር ትስጥሽ። ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው መከተል የለመደ ልጅ መጽሐፍም ይቀለዋል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሰማው።

ሒሳብ ላይማ አንቺ መምህር ነሽ። ሽንኩርት ኪሎው 70 ብር ቢሆን፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገዝቶ 200 ብር ለሰጠሽ ሰው 25 ብር መመለስ እንዳለብሽ ወዲያው ታውቂያለሽ። እንዴት በጭንቅላትሽ እንደምትሠሪው ለልጅሽ አስረጃት። መጀመሪያ የሁለቱን ኪሎ 140፣ ቀጥሎ የግማሹን 35፣ ከዚያ ድምሩን ከ200 መቀነስ። እሷ ደግሞ ያንኑ በደብተሯ ላይ ጽፋ ታሳይሽ።

የኔ እናት ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ትንሹን አዝለው ነበር የሚማሩት። ማታ ማታ እኔ ደብተሬን እሳቸው ደብተራቸውን ይዘን በአንድ ኩራዝ እንቀመጥ ነበር። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈው ሲያሳዩኝ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ስለዚህ ልጅሽ ታስተምርሽ። በሳምንት ሁለት ቤት ብትይዢ 33ቱን የፊደል ቤቶች በአራት ወር ትጨርሻቸዋለሽ። የጎልማሶች ትምህርት ሰፈራችሁ ካለ ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን ስምሽን መጻፍ ልመጂ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱ ሲዞር የምትፈርሚው አንቺ ነሽ።

ትምህርት ቤቱን ስትላመጂ የወላጅ መምህር ኅብረቱን ተጠጊ። እዚያ የሚወራው ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ልጆች መዘግየት ነው። ገንዘብና ዕቃ በዓይኗ የምትቆጣጠር፣ ከሰው ጋር ተከራክራ የምትግባባ ሴት እዚያ ታስፈልጋለች። ገበያ ላይ በየቀኑ የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

መምህሯን ካገኘሻት በኋላ ምን እንዳለችሽ ንገሪኝ። በዚያኛው ደብዳቤ ግን አንቺ እየተናገርሽ ልጅሽ ትጻፈው።