ሞላው ከረዘመ በኋላ መሪው ለምን አልረጋ አለ?

ጥያቄ፦ ላንድ ክሩዘር 80 መኪናዬን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ አስገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች፤ ከኩርባ ስወጣም መሪው በራሱ አይመለስም። አላይመንት ሁለት ጊዜ ባሠራም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጥፋቱ የሞላው ሳይሆን አብሮት ሳይስተካከል የቀረው የካስተር ማዕዘን፣ ማለትም ጎማው የሚታጠፍበት ምሰሶ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ፣ ይመስለናል። የፊት አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ክንዶች ሻሲው ከፍ ሲል ይበልጥ ቁልቁል ስለሚያዘነብሉ አክስሉን ያዞሩታል፤ በዚህም ምክንያት መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰው ይህ ዝንባሌ ይቀንሳል። ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ዲግሪ ገደማ የነበረው ካስተር በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 2 ዲግሪ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። በዚህ መኪና ላይ ካስተር የሚስተካከልበት ብሎን ስለሌለ፣ አላይመንት ቤቱ መቶ ጊዜ ቢደክም የሚነካው የጎማዎቹን ትይዩነት ብቻ ነው።

የካስተሩን ልኬት በወረቀት አሳትመው ይቀበሉ፤ ከዚያም በክንዶቹ ላይ ቀዳዳቸው ከመሐል ፈቀቅ ያለ ማስተካከያ ጎሚኒዎች ያስገጥሙ። የመሪ ሾክ ይቀየር የሚልዎ ቢኖር አይቸኩሉ፤ ሾክ ንዝረትን ያለዝባል እንጂ ማዕዘን አይመልስም።

መኪናዋ ከሥር ስትታይ የፍሬን ቱቦዎቹ አለመወጠራቸው ይረጋገጥ። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘው የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያም ካልተስተካከለ ከፍታውን የጭነት ማነስ አድርጎ ስለሚቆጥር የኋላውን ፍሬን ያደክማል።