ስለ ስፓኒሽ «ሜ፣ ቴ፣ ሴ» ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። «አስተማሪዬ ሜ፣ ቴ፣ ሴ ማለት ራሴን፣ ራስሽን፣ ራሱን ነው አለኝ። ታዲያ የሥራ ባልደረቦቼ ‹ሜ ቦይ› ሲሉ ‹ራሴን እሄዳለሁ› ማለታቸው ነው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አይደለም። እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ከሳልቫዶሮች (ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች) ጋር እየሠራሁ ነው። እንደ እኔ ይሄ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀላል። የሚከብደን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ስለምንማረው ነው።

እስቲ «አጠበ» እና «ታጠበ»ን አስቢ። ሰውዬው መኪና አጠበ፤ ሰውዬው ታጠበ። «ራሱን ታጠበ» ካልሽማ ጸጉሩን ነው የሚመስለን! እኛ «ራስ» የሚል ቃል ሳንጨምር በ«ተ» የምንጨርሰውን ሥራ ስፓኒሽ በ«ሴ» ይሠራዋል። ላባር ማጠብ፣ ላባርሴ መታጠብ። ሌባንታር ማንሳት፣ ሌባንታርሴ መነሳት። ሴንታር ማስቀመጥ፣ ሴንታርሴ መቀመጥ። ያማር መጥራት፣ ያማርሴ መባል። «ሜ ያሞ» ስትዪ «እባላለሁ» እያልሽ ነው።

ልዩነቱ የእኛ «ተ» ለሁሉም አንድ ስትሆን የእነሱ በባለቤቱ ትቀያየራለች፦ ሜ ላቦ፣ ቴ ላባስ፣ ሴ ላባ፣ ኖስ ላባሞስ፣ ሴ ላባን። መጽሐፍ ላይ «ኦስ» የምትል ካየሽ የስፔን «እናንተ» ናት። አሜሪካ ውስጥ ብዙም አትሰሚያትም። ሳልቫዶሮች ደግሞ «አንተ»ን «ቦስ» ይሉታል። ስለዚህ መጽሐፍሽ «ሲየንታቴ» ሲል እነሱ «ሴንታቴ» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ «ቴ» እዚያም አለች።

«ተ» ሌላም ሥራ እንዳላት ታውቂያለሽ። ተቃቀፉ፣ ተዋወቁ እንላለን። እነሱም «ሴ አብራሳሮን»፣ «ሴ ኮኖሲየሮን» ይላሉ። ከሥራ ሲወጡ የሚሉት «ኖስ ቤሞስ» የእኛ «እንገናኛለን» ነው። አድራጊው ሳይጠራም «ሴ» ትመጣለች፦ «ሴ ሬንታ» የሚል ወረቀት በር ላይ ካየሽ «የሚከራይ» ማለት ነው። «ሴ አብላ ኤስፓኞል» ደግሞ ስፓኒሽ ይነገራል።

ከሁሉም የምወደው ግን ይሄ ነው። ሩዝ ሲያርብን ምን እንላለን? «አረረብኝ»። ስፓኒሹ «ሴ ሜ ኬሞ ኤል አሮስ» ነው። ሳህኑ ወደቀብኝ፣ «ሴ ሜ ካዮ ኤል ፕላቶ»። ያረረው ሩዙ ነው፣ የወደቀው ሳህኑ ነው፤ እኔ ላይ ደረሰ እንጂ እኔ አደረግኩት አላልኩም። የእኛን «ብኝ» የምትተካው «ሜ» ናት። ግሱ የሚከተለው ደግሞ ዕቃውን ነው። ሳህኖቹ ብዙ ከሆኑ «ሴ ሜ ካዬሮን ሎስ ፕላቶስ» ትያለሽ። «ሴ ሜ ኦልቢዶ» ሲሉሽም «ተረሳኝ» ብለሽ ስሚው። ኩሽና ውስጥ በየሰዓቱ የሚሰማ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ይሄን ለመልመድ ሲታገል አይቻለሁ።

አሁን ወደ «ሜ ቦይ»። «ቦይ» ብቻውን መድረሻ ይፈልጋል፦ «ቦይ አ ላ ቲየንዳ»፣ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ። «ሜ ቦይ» ግን ካለሁበት መውጣቴን ነው የሚናገረው፤ «በቃ ልሂድ» እንደምንለው። እዚህ ላይ «ተ» አትረዳሽም። ሌሎችም እንዲህ ትርጉሙን ጠምዘዝ የሚያደርጉ አሉ። ዶርሚር መተኛት ነው፤ «ሜ ዶርሚ» ካልሽ እንቅልፍ ወሰደኝ። «ኮሚዮ» በላ ነው፤ «ሴ ኮሚዮ ቶዶ» ግን ሁሉንም ጥርግ አድርጎ በላው። አንዳንዱ ደግሞ አማርኛው ያለ «ተ» ነው፤ ቤስቲርሴ መልበስ፣ ኬዳርሴ መቅረት። እነዚህን ሕግ አትፈልጊላቸው። ከነ«ሴ»ያቸው፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው ያዢያቸው።

«ሜ» ባየሽ ቁጥር ግን ከዚህ ቤተሰብ አትደምሪ። «ሜ ጉስታ» የእኛ «ደስ ይለኛል» ነው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ «ራሴን ያመኛል»። መለያው ቀላል ነው። የግሱን መጨረሻ እዪ። «ሜ ላቦ» ላይ ሜም እኔ፣ የላቦ «ኦ»ም እኔ ነች። «ሜ ጉስታ» ላይ ግን ደስ የሚለው ነገር ሌላ ነው፣ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ሁለቱ ሰው አንድ ካልሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

የ«ሜ»ን እና የእህቶቿን ቦታ በተመለከተ፣ ከተረባ ግስ (እንደ ባለቤቱ ከተቀየረ ግስ) በፊት ትቀመጣለች፦ «ሜ ላቦ ላስ ማኖስ»፣ እጄን እታጠባለሁ። እኛ «እጄን» የምንለውን እነሱ «ላስ» ብለው ብቻ ያልፉታል፤ «ሚስ ማኖስ» አትበዪ። ግሱ ካልተረባ መጨረሻው ላይ ትለጠፋለች፦ «ኪዬሮ ላባርሜ»። «ሜ ኪዬሮ ላባር»ም ይባላል፣ ሁለቱም ልክ ነው። ትእዛዝ ላይ «ላባቴ»፣ ስትከለክዪ «ኖ ቴ ላቤስ»።

«ሴ ሎ ዲ» የሚለው ላይ ያለችው «ሴ» ደግሞ ሌላ ናት። ሰጠሁት ለማለት «ሌ ሎ ዲ» መሆን ነበረበት፤ «ሌ» እና «ሎ» ተከታትለው ስለማይባሉ «ሌ» ወደ «ሴ» ተቀየረች። እሷን ለብቻዋ፣ ሌላ ቀን ያዢያት።