ልቡን የታመመ ልጅና እድገቱ፦ ጥያቄና መልስ

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ከልብ ችግር ጋር ስለተወለዱ ልጆች እድገት ጠይቁኝ፤ የመድኃኒት መጠን ግን እዚህ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ወሩ ነው። ልቡ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ ተብሏል፤ ሳይደገፍ አይቀመጥም። ኦፕራሲዮኑ እስኪደርሰው እንጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። አብዛኞቹ ሕፃናት እስከ 9 ወር ድረስ ሳይደገፉ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ አሁኑኑ ይታይ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠባ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፤ የበላውን ለመተንፈስ ይጨርሰዋል። ጡንቻው ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ክብደቱን እንያዝለት፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይመግቡት። ነቅቶ ሳለ አጠገቡ ሆነው በሆዱ ያስተኙት፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ካለ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ልጃችን በ5 ወሯ ኦፕራሲዮን ሆና «ድናለች» ተባልን። 2 ዓመቷ ነው፣ አንድ ቃል አልወጣትም።

መልስ፦ የዳነው ልቧ ነው። አንጎል በማሕፀን ሳለ ጀምሮ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሊቆይ ይችላል፤ ሆስፒታል ረጅም ጊዜ መተኛትም የራሱ ጫና አለው። መጀመሪያ ጆሮዋ ይመርመር፣ ከዚያ የንግግር ባለሙያ ይያት። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 ያወጣው መመሪያ በመጀመሪያ ዓመታቸው ልባቸው ተከፍቶ የታከሙ ልጆች ምንም ሳይታይባቸው እንኳ እድገታቸው በየጊዜው እንዲመዘን ይላል፤ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ያለው ምዘና በብዛት የሚረሳው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ፋሎት (ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ሰውነት እንዲሄድ የሚያደርግ፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር) አለበት፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 14 ስለሆነ ደም ማነስ የለበትም አሉን።

መልስ፦ ይህ ቁጥር ያታልላል። ኦክስጅን ያነሰው ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሴል ይፈልጋል፤ ለሌላው ልጅ የሚበቃው 14 ለእሱ ሊያንሰው ይችላል። የብረት እጥረት ደግሞ የአእምሮ እድገትን ይጎትታል፣ እንደ እሱ ላሉት ለስትሮክም ያጋልጣል። ፌሪቲን (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካለት፤ ብረት ግን በራስዎ አይጀምሩለት። በድንገት ጠቁሮ ትንፋሹ ከፈጠነ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፈው ይያዙትና ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ አያቷ «አትሩጥ፣ ልቧ ነው» እያሉ ከቤት አያስወጧትም።

መልስ፦ እማማ ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን አብዛኞቹ ልጆች ሲደክማቸው ራሳቸው ያርፋሉ፤ ታቅፎ የሚውል ልጅ ነው የሚዘገየው። እንደ ከባድ የአኦርታ ቫልቭ ጥበት (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር መጥበብ) ያለ ችግር ካለባት ይለያል፣ ስለዚህ ሐኪሟን «ከምን ትከልከል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ሳምንቱ ነው። እንዴት ላንሳው?

መልስ፦ በብብቱ አያንሱት፣ ክንዱንም አይጎትቱ። የደረት አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት አንድ እጅዎን ከመቀመጫው፣ ሌላውን ከጀርባውና ከአንገቱ ሥር አድርገው ያንሱት።