ለቶንሲል የትኛው የሆሚዮፓቲ እንክብል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጉሮሮው ቆስሎ ምግብ መዋጥ አቅቶታል፤ ያተኩሰዋልም። የሆሚዮፓቲ (መነሻ ንጥረ ነገርን እጅግ እየበረዘ እንክብል የሚያዘጋጅ አማራጭ ሕክምና) መጽሐፍ ሳገላብጥ ብዙ ዓይነት እንክብል አገኘሁ። የትኛውን ልስጠው?

መልስ፦ መጽሐፎቹ የሚሉት ይህን ነው። ቤላዶና ሕመሙ በድንገት ሲነሳ፣ ጉሮሮ ሲቀላና ፊት ሲግል ይታዘዛል። ሜርኩሪየስ ትንፋሽ ሲሸት፣ ምራቅ ሲበዛና ሌሊት ሲያልብ፤ ሄፓር ሰልፈር ስንጥር የተሰካ ያህል ሲወጋ፤ ላኬሲስ ሕመሙ በግራ ጀምሮ ሙቅ መጠጥ ሲያብስበት፤ አፒስ ደግሞ እንጥል ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥ።

ምልክቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ችግሩ እንክብሉ ነው። እንክብሉ ላይ የሚጻፈው «30ሲ» ማለት አንድ እጅን በ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል በርዞ ይህንኑ 30 ጊዜ መድገም ነው። ገና 12ኛው ላይ ከመነሻው አንድ ሞለኪውል እንኳ መትረፉ ያጠራጥራል። «3ኤክስ» የሚለው ግን 1 ለ1,000 ብቻ የተበረዘ ነው፤ ቤላዶና ደግሞ መርዛም ተክል ስለሆነ ለልጅ አይሰጥም።

ምልክቶቹን ለሐኪም ያቆዩአቸው። ሕመሙ ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ሳይቋጥር አልቀረም፤ መግሉ መውጣት አለበት። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረበረበ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ከተቀመጠና ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አፉን በማንኪያ ከፍተው ለማየት አይሞክሩ፤ የአየር መተላለፊያው ሊዘጋ ይችላል።

እነዚህ ባይኖሩም ዛሬውኑ ይታይ። ሳል ሳይኖረው ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቶንሲሉ ነጭ ነገር ከያዘና አንገቱ ላይ የሚያም ንፍፊት ካለ ስትሬፕ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ከጉሮሮው በጥጥ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ከተገኘበት ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ብዙውን ጊዜ ለ10 ቀን ይታዘዝለታል። ሁለት ሦስት ቀን ወስዶ ሲሻለው ማቋረጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

ስትሬፕ ያለ መድኃኒትም በሳምንት ውስጥ ይበርዳል፤ እንክብሉ የሚመሰገነውም በዚህ ነው። ስትሬፕ የሚያስከትለውና የልብን ቫልቭ የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ አንቲባዮቲክ ይህን ይከላከላል።

ለሕመሙ ማስታገሻ ፓራሲታሞል ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ክብደት ኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ ይስጡት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቢጉመጠመጥበትም ይቀልለዋል፤ እንዳይውጠው ብቻ ይንገሩት።