ዋይ ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን በጃኬቱ ሸፍኖ ደሴ ፒያሳ ያለችው ትንሽ ክፍሌ ድረስ መጣ። ውጭ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ላፕቶፑን ሲከፍተው ሊኑክሱ፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሥርዓት፣ አልነሳ ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሟል። ያልተጠበቀ መዛባት ስላለ ኤፍኤስሲኬ የተባለውን የፋይል መዝገብ ጠጋኝ በእጅህ አስኪደው ይላል። ልጁም አስጀምሮት ኖሯል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ላጥፋው?» የሚል ጥያቄ መልስ ይጠብቃል። ጣቱን ዋይ (Y) ፊደል ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ዋይ ልበለው?» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። ጠበቅ አድርጌ ሳልይዘው አልቀረሁም፣ ደንግጦ አየኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ዋይ «አዎ» ማለት ናት። በእኛ ቤት ግን ዋይ የሚባለው ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን ልዩነት ብያለሁ።

ነገሩ የ2000 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት በሐረጎ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ደሴ ውስጥ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሼህ ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም። በወሎ ገጠር እየዞሩ መንዙማ ይሰበስባሉ። መንዙማው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዓጀም ተጽፎ ነው፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። እሳቸው ዓጀሙን እያነበቡ በግዕዝ ፊደል ይገለብጡታል። ያልተጻፈውንም ከአዋቂዎች አፍ እየሰሙ ይመዘግቡታል። ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ያኔም በሕይወት አልነበሩም። ልጃቸው ከጅዳ በላከው ገንዘብ በተገዛ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣት እየለቀሙ አምስት ዓመት ጽፈዋል።

ሊኑክስ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። በፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ዊንዶውሱን እየደጋገመ ሲያበላሽባቸው ኡቡንቱ 6.06 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩላቸው። በዚያን ጊዜ የኡቡንቱ ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ ከውጭ አገር በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር። ሲዲዎቹን ከፖስታ ቤት የተቀበልኩበት ቀን የልጅ ልብስ የገዛሁ ያህል ደስ እያለኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ለማውቀው ሁሉ አደልኳቸው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ሆናችሁ የፈለጋችሁትን የምታወርዱ ልጆች ያ ደስታ እንዲገባችሁ እመኛለሁ፣ ግን የሚገባችሁ አይመስለኝም። አንዷን ለራሴ አስቀርቼ ነበር፣ እስካሁን አለችኝ።

ሐምሌ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሼሁ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ። ለዓመታት «መንገዱ ይሆናል የገደለው» እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነት አይደለም። ሀርድ ዲስክ ሲጠፋ ማንበቢያው መረጃ ካለበት ቦታ ወጥቶ ማረፊያው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰው ጭን ላይ ሆኖ ሐረጎን ስለወረደ አይሞትም።

ኮምቦልቻ ደርሼ ሳበራው ዲስኩ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንዱን በጆሮዬ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም ይልና እንደገና ጠቅ። ሌላውን በዓይኔ፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ኤችዲኤ ላይ፣ ማለት የሼሁ ዲስክ ላይ፣ ይህን ሴክተር (ትንሿን የዲስክ ክፍል) ማንበብ አልቻልኩም እያለ መስመር በመስመር ይጽፋል። ሰማሁም፣ አየሁም፣ አለፍኩትም። ከኋላዬ ሁለት ተለማማጆች ቆመው ነበር። አለቃቸው እጁን አጣጥፎ ሲያስብ እንዲያዩት አልፈለግሁም።

ኤፍኤስሲኬ ጥያቄውን ጀመረ። አይኖድ የሚለው አንድ ፋይል ዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ የሚይዘውን መዝገብ ነው፣ ብሎክ የሚለው ደግሞ መቀመጫውን። ይህ አይኖድ የማይሆን ብሎክ ይጠቁማል፣ ላጥፋው? ዋይ። ይህ ብሎክ አልነበብ ብሏል፣ ስህተቱን ልለፈው? ዋይ። በግድ ልጻፍበት? ዋይ።

እቺን ሦስተኛዋን ልብ በሏት። ኤፍኤስሲኬ ሥራውን የሚጀምረው ዲስኩ ጤነኛ ነው ብሎ ነው። የትኛው ብሎክ የየትኛው ፋይል እንደሆነ መዝገቡን ያስታርቃል፣ ሙያው እሱ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ የሚዛባው መዝገቡ ነውና ብዙ ጊዜ ያድናል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን ማንበብ ባቃተው ቦታ ላይ ባዶ ይጽፍና መዝገቡን ከባዶው ጋር ያስታርቀዋል። ያ ቦታ የአይኖዶቹ ሠንጠረዥ ከሆነ፣ ጽሑፉ እዚያው ዲስኩ ላይ ተኝቶ እያለ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። ዋይ ባልኩ ቁጥር የሼሁን ሥራ አድራሻ በገዛ እጄ እየፋቅሁ ነበር። ጥያቄው ሲበዛብኝ ደግሞ አቋረጥኩትና ለሁሉም አዎ በል የሚለውን ምልክት ጨምሬ እንደገና አስነሳሁት። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ጨርሷል። የሼሁ ፎልደር የለም። ኤፍኤስሲኬ አድራሻ ያጡ ፋይሎችን የሚያኖርበት ሎስት ኤንድ ፋውንድ ውስጥ ግን ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ የቀራቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። አንዱን ስከፍተው መንዙማ ነው፤ አዝማቹ ሙሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ስንኝ፣ ከዚያ ዝብርቅርቅ። ተርፏል አልኩ። ነገ ጠዋት ተረጋግቼ እገለብጠዋለሁ ብዬ አጠፋሁትና የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። ጠዋት ሳበራው ማሽኑን የሚያስነሳው ባዮስ ዲስክ የለም አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት። የለም። የዚያን ጊዜ ነው የእኛውን ዋይ ያልኩት።

ከራስጌዬ ያለው መደርደሪያ ላይ 80 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ዲስክ ተቀምጦ ነበር። የሼሁ 40 ነው። ዛሬም ሐረጎን በወረድኩ ቁጥር ያ መደርደሪያ ይታየኛል።

ማድረግ የነበረብኝ የጠቅታውን ድምፅ እንደሰማሁ ማጥፋት ነበር። ቀጥሎ በሲዲ ቡት ማድረግ፣ የታመመውን ዲስክ ማውንት ሳያደርጉ፣ ማለት ፋይሎቹን ለመጠቀም ከሥርዓቱ ጋር ሳያገናኙ፣ ዲዲሬስኪው በተባለው መገልበጫ ወደ ባዶው ዲስክ መገልበጥ። ዲዲሬስኪው መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ቦታ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሞክረዋል። የት እንደደረሰ በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እንደኛ አገር ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ኤፍኤስሲኬን ቅጂው ላይ ማስኬድ፣ እሱም መጀመሪያ ምንም ሳይጽፍ እንዲያይ ብቻ አድርጎ። የፋይል ሲስተሙን ዋና መረጃ የያዘው ሱፐርብሎክ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ኤክስት የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ትርፍ ቅጂዎቹን ያስቀምጣል፤ ብሎኩ 4 ኪሎባይት ከሆነ የመጀመሪያው ትርፍ 32768ኛው ብሎክ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የዚያን ጊዜም አውቀው ነበር። ያጣሁት እውቀት አይደለም፣ አንድ ሌሊት መታገሥ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ቅዳሜ ዕለት ሸዋ በር ሄድኩ። ጀባ ብለውኝ፣ ሲኒዬን እንደያዝኩ «ሲመጣም ሞቶ ነበር» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያለው ነው» አሉኝ። አጽናኙ እሳቸው ሆኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። በቃላቸው የያዙትን ከመጀመሪያው ጀምረው በእጅ እየጻፉ ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። ከእኔ ሌላ የሚያምኑት የኮምፒውተር ሰው አልነበራቸውም። አራት ደብተር አመጡልኝ፣ አራቱንም ጻፍኩ። አራተኛው አንድ መንዙማ መሃል ላይ ይቆማል፣ ቀጣዩ ስንኝ አልመጣላቸውም። በ2007 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ እውነቱን አልነገርኳቸውም።

እናንተን ሳይ የምፈራው ሌላ ዓይነት ችኮላ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር ሳታነቡ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ። አንዱ «ፎርማት አድርገው» ይላችኋል፣ ታደርጉታላችሁ። ሌላው ከኢንተርኔት ትእዛዝ ቀድቶ ይልካል፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሩት ሆናችሁ ትለጥፉታላችሁ። በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ላይ የሰው ፎቶና ጽሑፍ ሲደመሰስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግራብ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ግራብ ሬስኪው የሚል መስመር ላይ የቆመ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው መረጃው ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ሳይጫን በሚነሳ የሊኑክስ ፍላሽ (ላይቭ ፍላሽ) ገብቶ ግራብን መልሶ መጫን ይበቃል። የጫናችሁት ሊኑክስ ከዊንዶውሱ ጎን አልታይ ካለም፣ አንዱ በአዲሱ የማስነሻ መንገድ በዩኢኤፍአይ ሌላው በድሮው ባዮስ መንገድ ተጭነው እንደሆነ መጀመሪያ ያንን እዩ።

እንዲህ እያልኩ ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ምክንያቱን ሳልመረምር ፎርማት አድርጌ ሰጥቻታለሁ። ውስጡ የምትፈልገው ምንም ነገር አልነበረም፣ ጠይቄያታለሁ። ስለዚህ ፎርማት አታድርጉ አልላችሁም። ጠይቁ ነው የምላችሁ፣ ውስጡ ያለው የማን ነው ብላችሁ። ባክአፕ ያዙ የሚለውንም አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ቤቴ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ተዘረፉ። አራቱ ደብተሮች የተጻፉበት ፋይል የተረፈው አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ቅጂ ስለነበረ ነው። የሼሁ የሞተ ዲስክ መሳቢያው ውስጥ እንደነበረ ቆየኝ፣ ማንም አልወሰደውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እየገለበጡ ያጠፉ ልጆች ስላየሁ ነው። ዲዲ በተባለው የመገልበጫ ትእዛዝም ሆነ በዲዲሬስኪው ስትገለብጡ የሚነበበውንና የሚጻፍበትን ካምታታችሁ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ይጻፋል። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸውን ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚሉ ስሞች አትመኑ፤ ፍላሽ ነቅላችሁ ስትሰኩ ወይም ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሊለዋወጡ ይችላሉ። መጠኑንና ሞዴሉን እዩ። እኔ ጮክ ብዬ «ከዚህ፣ ወደዚህ» እያልኩ በጣቴ እየነካሁ ነው ኢንተር የምጫን፣ አጠገቤ ሰው ቢኖርም።

የተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉ ነበር። ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚይዘውን ስማርት የተባለውን መዝገብ ስንከፍት 24 ሴክተሮች መነበብ አቅቷቸው ተጠባባቂ ሆነው ተመዝግበዋል። ስለዚህ አጠፋነው፣ በላይቭ ፍላሽ ተነሳን፣ ጽሑፉ ያለበትን የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽኑን) ወደ እኔ ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ጀመርን። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ። ልጁ ወንበር ላይ ተኝቶ አደረ። ጠዋት ቅጂው ላይ ኤፍኤስሲኬን አስነሳንና ያቺው ጥያቄ መጣች። «አሁንስ?» አለኝ። አሁን በለው አልኩት። ጽሑፉ ሙሉውን ተገኘ።

ቡና ስንጠጣ ለምን እጁን እንደያዝኩት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «ለልጆቻቸው ነግረዋቸዋል?» አለኝ። አልነገርኳቸውም። የሼሁ ትልቋ ልጅ እዚያው ሸዋ በር ናት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ ብዬ ደውዬላታለሁ። አራቱን ደብተሮች አሳትሜ አስጠርዤያቸዋለሁ። ዲስኩንም ይዤው እሄዳለሁ።